ዓሣው ዘሩን ሲቆጥር፦ ከስዊዝ ቦይ እስከ ቦርከና

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወርድ መንገደኛ ጨፋን ሳያይ አያልፍም። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ ዙሪያ ተራሮች የሰበሰበውን ውሃ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይዘረጋዋል፤ ወንዙ ለጊዜው ወንዝነቱን ትቶ ረግረግ ይሆናል። «ጨፌ» በኦሮምኛ እርጥብ መስክ ማለት ነውና ስሙና ቦታው አልተጣሉም። በበጋ ቆላው ሲነድ አፋሩ ከነግመሉ፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከነከብቱ ወደዚሁ ሣር ይሰበሰባል።

ስለ ጨፋ ሲጻፍ የሚነሳው የግጦሽ ጉዳይ፣ ሜዳውን እየቆረሰ የሚገባው እርሻና ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ሁሉም ሊጻፍባቸው ይገባል። የዛሬው ጽሑፍ ግን ስለ ዓሣ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ውሃ ውስጥ የተገኘን ዓሣ «የማን ልጅ ነህ? ማን አመጣህ?» ብሎ የመጠየቅ ታሪክ ነው። የጨፋ ሮቢትን ሰው ምን አገባው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሥ።

ወሎ ውሃውን ለሁለት ወገን ያካፍላል። የምሥራቁ ውሃ በቦርከናና በሚሌ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የምዕራቡ ውሃ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባና ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህኛው ጫፍ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁ በአንድ ዓመት ከሰባት ወሩ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1869፣ የስዊዝ ቦይ ተመርቆ ተከፈተ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ጣሊያናዊ አሰብ ላይ ቁራሽ መሬት ለመግዛት ከአካባቢው የአፋር ሹማምንት ጋር ተዋውሎ ነበር። መሬቱ ብዙም ሳይቆይ በሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ እጅ ገባ። ቦዩ ሲከፈት ቀይ ባሕር የዓለም መተላለፊያ እንደሚሆን ስለታወቀ ሁሉም ዳር ዳሩን ይሻማ ነበር። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ይህን ይነግሩናል። የማይነግሩን በዚያው ቦይ ውስጥ መርከብ ሳይሳፈር ያለፈውን መንገደኛ ነው።

የስዊዝ ቦይ እንደ ፓናማ ቦይ በር የለውም። ከባሕር እስከ ባሕር የተዘረጋ ክፍት ውሃ ነው። ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ለሚሊዮኖች ዓመታት ተለያይተው የየራሳቸውን ፍጥረት ሲያረቡ ኖረው በአንድ ቀን ተገናኙ። ሆኖም መጀመሪያ ላይ ሁለት አጥሮች ነበሩ። አንደኛው መራራ ሐይቆች በሚባለው ቦታ ከሥር የተነጠፈው የጨው ክምር ነው፤ ውሃው እጅግ ጨዋማ ስለነበር ብዙ ዓሣ ሊያቋርጠው አልቻለም። ጨው ግን ይሟሟል፤ በአሥርት ዓመታት ውስጥ አጥሩ ሳሳ።

ሁለተኛው አጥር እኛን ይመለከታል። በየክረምቱ የናይል ደራሽ ሜዲትራኒያን ውስጥ ሲገባ ከዳርቻው ያለውን ባሕር በጣፋጭ ውሃ ይሸፍነው ነበር። ከቦዩ ወጥቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን መዛመት የሚፈልግ የጨው ውሃ ፍጥረት ያ መጋረጃ ይከለክለው ነበር። የናይል ውሃ 86 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ መሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ በበሽሎ በኩል የወረደው የወሎ ዝናብ፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ የሜዲትራኒያን ዘበኛ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1960ዎቹ ደራሹን ሲያስቀረው ዘበኛው ከበሩ ተነሳ። በዚያው ሰሞን በናይል አፍ የነበረው የግብፅ የሰርዲን ምርት ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የቀይ ባሕር እንግዶች መንገዱ ቀለላቸው። ሳይንቲስቶች እነዚህን እንግዶች በቦዩ አስቆፋሪ በፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ስም «ሌሴፕሳውያን» ይሏቸዋል። ዛሬ ከቀይ ባሕር ተሻግረው ሜዲትራኒያን የገቡት የዓሣ ዝርያዎች ብቻ ከ100 ይበልጣሉ።

ሁሉም ክፉ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ገበያ ላይ ይበላሉ። ሌሎቹ ግን ጣጣ ይዘው መጡ። በ2003 ቱርክ ዳርቻ የታየው ራሱን እንደ ፊኛ የሚነፋ ዓሣ ሰው የሚገድል መርዝ በሥጋው ይዟል፤ መረብ በጥርሱ ይበጥሳል። ቱርክና ቆጵሮስ ይህን ዓሣ አጥምዶ ለሚያስረክብ ዓሣ አስጋሪ እስከ መክፈል ደርሰዋል። በ2000 እስራኤል ዳርቻ የተያዘው ቀጭኑ፣ እንደ መለከት የረዘመው ዓሣ ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ስፔን ደረሰ። ከዚያ «አንበሳ ዓሣ» የሚባለው፣ ጋሜው በመርዛማ እሾህ የተሞላው ውብ ዓሣ አለ። በ1991 አንድ ታይቶ ጠፋ ሲባል በ2012 ሊባኖስ ላይ ብቅ አለና የምሥራቅ ሜዲትራኒያንን ዳርቻ ወረሰ።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ እንግዳ ዓሣ መረብ ውስጥ ሲገኝ ለመንግሥት ሁለት ጥያቄ ይመጣበታል፤ ምንድን ነው? በየትኛው በር ገባ? በቦዩ ዋኝቶ ከሆነ አንድ ነገር ነው። መርከብ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሆዱ ውስጥ በሚጭነው ውሃ ከሆነ ወደቡን መቆጣጠር ይበጃል። ሰው ቤቱ በመስታወት ገንዳ ያሳደገውን ሰልችቶት ባሕር ደፍቶት ከሆነ ነጋዴውን መያዝ ነው። በሩን ሳያውቁ መዝጋት አይቻልም። ዓሣው ደግሞ ተጠይቆ አይመልስም፤ መልኩም ይዋሻል።

መልክ እንደሚዋሽ ጎልቶ የታየው አሜሪካ ላይ ነው። አንበሳ ዓሣ ፍሎሪዳ ዳርቻ በ1985 ታየ። እዚያ ስዊዝ ቦይ የለም፤ ጥርጣሬው ሁሉ በመስታወት ገንዳ ንግድ ላይ ነበር። ከዓሣዎቹ ክንፍ ትንሽ እየተቆረጠ ዘረመሉ ሲነበብ፣ በ2007 የታተመው ጥናት አንድ ይመስል የነበረው ወራሪ ሁለት ዝርያ መሆኑን አሳየ። 93 በመቶው አንደኛው፣ የቀረው ሌላኛው። ዓይን አይለያቸውም፤ ዘረመሉ ግን ለያቸው። ወራሪዎቹ በብዛት እጅግ ሲሆኑ የዘር ልዩነታቸው ግን ጠባብ ሆኖ ተገኘ፤ ያ ሁሉ መንጋ የጥቂት እናቶች ልጅ ነበር። የሜዲትራኒያኑን አንበሳ ዓሣ በተመለከተ በ2017 የወጣው ጥናት በአንጻሩ ዝርያውን ለይቶ ምንጩ ቀይ ባሕር መሆኑን አረጋገጠ። ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ የገባበት በር ግን ሁለት።

ይህ ንባብ እንዴት ይሠራል? ዲኤንኤ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ አንድ አጭር ክፍል በማይቶኮንድሪያ ውስጥ አለ። የካናዳው ፖል ሄበርት በ2003 ከዚህ ክፍል 650 ያህል ፊደል ያለው አንድ ቁራጭ ብቻ ቢነበብ ብዙ እንስሳትን በዝርያ መለየት ይቻላል ሲል አቀረበ። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ላይ እንደሚለጠፈው ባለመስመር ምልክት ማለት ነው። አንገቱ የተቆረጠ ዓሣ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ገና ዓሣ የማይመስል እጭ ሁሉ በዚህ ይታወቃል። ዝርያው ከታወቀ በኋላ «ከየትኛው ሐይቅ?» የሚለውን ለመመለስ ደግሞ ከእናትም ከአባትም የሚወረሱ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡ ሌሎች ምልክቶች ይነበባሉ።

ወሎ ውስጥ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አያት ቅድመ አያት ተጠርቶ ዝምድና ካለ ጋብቻው ይቀራል። የዘረመል ምልክትም የዓሣ ሰባት ቤት ቆጠራ ነው። (በሰው ላይ የዘር ቆጠራ ምን እንዳመጣብን የከሚሴም የአጣዬም ሰው ያውቀዋል። በዓሣ ግን ይጠቅማል።)

ይህ ዕውቀት የሩቅ አገር ጥበብ ብቻ ተደርጎ ይወራል። ሐቁ ግን ሄበርት ከመጻፉ 11 ዓመት በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያ ዓሣ ላይ ሠርቶት ነበር። ሰይፉ ስዩም ይባላል። በ1992 ከአሜሪካዊው ኧርቭ ኮርንፊልድ ጋር ባሳተሟቸው ጥናቶች ርዕሰ ጉዳዩ ቆሮሶ ነበር፤ በየሐይቃችን የሚጠበሰው፣ ሳይንስ የናይል ቲላፒያ የሚለው።

የጥያቄው መነሻ ኢቴልዊን ትሬዋቫስ የተባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን በለንደን ሙዚየም ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጡ ዓሦችን ቅርፊት እየቆጠሩ፣ አጥንት እየለኩ ያሳለፉ ሲሆን፣ በ1983 ባወጡት ትልቅ መጽሐፍ ቆሮሶን በየአገሩ በንዑስ ዝርያ ከፋፈሉት። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የአዋሽና የአንዳንድ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው። ሌላው በአዋሽ ተፋሰስ ፍልውሃ ውስጥ የሚኖር ሲሆን ስሙም በላቲን ሳይቀር «ፊሎአ» ተባለ፤ ከራሱ ከፍልውሃ። ትኩስ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሰይፉና ባልደረባው ያደረጉት ትሬዋቫስ በዓይንና በመለኪያ የለዩትን በዲኤንኤ መፈተን ነበር። ያኔ ፊደሉን አንድ በአንድ ማንበብ ውድና አድካሚ ስለነበር ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ። አንድን የፊደል ተራ ባገኘ ቁጥር የሚቆርጥ እንደ መቀስ ያለ ኢንዛይም አለ። አንዲት ፊደል ከተለወጠች መቀሱ ቦታውን አያውቀውም፤ ያልፈዋል። ስለዚህ የሁለት ሐይቅ ዓሣ ዲኤንኤ በአንድ መቀስ ተቆርጦ ርዝመቱ የተለያየ ቁርጥራጭ ከሰጠ ዘራቸው ተለያይቷል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የጣና ቆሮሶ ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ አገኙትና «ጣና» የሚል የንዑስ ዝርያ ስም ሰጡት። ዛሬ በዚህ አከፋፈል ሁሉም ሊቅ ይስማማል ማለት አይደለም። ዋናው መልእክት ግን አልተናወጠም፤ «ቆሮሶ ቆሮሶ ነው» ብሎ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው መገልበጥ የተለያየ ዘርን መቀላቀል ሊሆን ይችላል። ሰይፉ በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ በሚገኝ የመንግሥት የዓሣ ምርምር ተቋም ሆኖ በባሕር ዓሦች ዘረመል ላይ ብዙ አሳትሟል። ስሙን የሚያውቀው ግን ከእኛ ይልቅ የፍሎሪዳ ዓሣ ሊቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚበልጥ፣ መውጫ የሌለው ውሃ ነው። በጣሊያን ዘመን የመጡ ሳይንቲስቶችም፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያጠኑትም ውሃው ጥርት ያለ መሆኑን መዝግበዋል። ቆሮሶ አልነበረበትም። በ1978፣ በእኛ 1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ቆሮሶ መጥቶ ተለቀቀበት።

ለምን ተለቀቀ ብሎ መቆጣት ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይሆንም። የ1965 እና 66ቱ ረሃብ ወሎን ከፈጀ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ሰው ያለቀበት አገር ውስጥ ባዶ የሚመስል ሐይቅ አይቶ ዓሣ የለቀቀ ባለሙያ ሊወቀስ አይገባም። ዓሣውም ረባ፤ ለአካባቢው ሰው ምግብም ገንዘብም ሆነ። ዛሬ በሐይቅ ከተማ የሚበላው ጥብስ የዚያ ውሳኔ ፍሬ ነው።

ዋጋው የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ኤልዛቤት ከበደና ባልደረቦቿ በ1992 ባወጡት ጥናት ጥርት ያለው ሐይቅ መደፍረሱንና መለምለሙን አሳዩ። ምክንያቱ ሲፈለግ ጣት ከተቀሰረባቸው አንዱ አዲሱ ዓሣ ነበር። በሐይቁ ውስጥ አልጌን እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩ በዓይን የማይታዩ የሚመስሉ ደቃቅ እንስሳት ነበሩ። ዓሣው እነርሱን ለቀማቸው። ጠራጊው ሲጠፋ አልጌው ነገሠ። ከዳገቱ ተጠርጎ የሚገባው አፈርና ከሰፈሩ የሚገባው ፍሳሽም የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው መርሳት አይገባም፤ ሁሉን በቆሮሶ ማላከክ አይቻልም። የሚገርመው ይህ ዓሣ ወራሪ የሚለው ስም በቀላሉ የማይለጠፍበት መሆኑ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ከአገር ውስጥ ነው የመጣው። ለሐይቁ ግን እንግዳ ነበር። ድንበር የምናሰምረው እኛ ነን፤ ዓሣ የሚያውቀው ተፋሰስን ነው።

ሐይቅ መውጫ ስለሌለው አንድ ዕድል አለው፤ የገባበት እዚያው ይቀራል። ቦርከና ግን እንዲህ አይደለም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዙሪያ አንድ ገበሬ ወይም አንድ ማኅበር ኩሬ ቆፍሮ ከሩቅ የመጣ የዓሣ ጫጩት ቢለቅበት፣ በነሐሴ ጎርፍ ኩሬው ሲሞላ ጫጩቱ ቦርከና ይገባል። ከቦርከና ጨፋ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ ለአንድ ትንሽ ዓሣ ከዚያ ቄጠማ የተሻለ መደበቂያና መራቢያ አይገኝም። ከጨፋ አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ የራሱ ቆሮሶ ያለው ወንዝ ነው፤ ትሬዋቫስ በንዑስ ዝርያ የለዩት።

ይህ ነገር የሚያሳስበው የዓሣ እርባታ አሁን ጥሩ ነገር ስለሆነ ነው። መንግሥት ኩሬ ቆፍሩ ይላል፤ ልክም ነው። የሰበታው የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጫጩት እያባዛ ያድላል። ከዚህ ጎን ደግሞ የዓለም ገበያ የሚያቀርበው ፈጣን ቲላፒያ አለ። በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ የተጀመረው ታዋቂው የማሻሻያ ሥራ ከአፍሪካ የዱር ቆሮሶ የወሰደው ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ነበር። ከነዚያ ተመርጦ ተመርጦ በፍጥነት የሚያድግ ዓሣ ወጣ። ሥራውን የመራው ተቋም ራሱ ይህ የተሻሻለ ዓሣ ወደ አፍሪካ ተመልሶ የዱር ዘመዶቹን እንዳያጠፋ ለዓመታት ሲጠነቀቅ ቆይቷል። የዛሬ የገበሬ ኩሬ ነገ የሚያስፈልገውን የዘር ሀብት የያዘው የዱሩ ዓሣ ነውና። ድርቅን፣ ሙቀትን፣ የፍልውሃን ትኩሳት የቻለ ዘር አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ ተመልሶ አይለይም።

መቀላቀሉ ደግሞ አይታይም። እንቦጭ ጣና ላይ ሲዘምት ከዳር ሆኖ የሚያይ ሁሉ አየው፤ ጮኸም። የተዳቀለ ቆሮሶ ግን ቆሮሶ ይመስላል፣ ቆሮሶ ይጣፍጣል፣ ቆሮሶ ተብሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ የሄበርት አጭር ቁራጭም ብቻዋን አትበቃም። የእናትን ብቻ ስለምትናገር፣ እናቱ የአዋሽ አባቱ የውጭ የሆነ ዓሣ በእርሷ ሲመረመር ንጹሕ የአዋሽ ልጅ ይመስላል። የሁለቱንም ወላጅ የሚናገሩት ምልክቶች አብረው መነበብ አለባቸው። ዘዴው ሌላም ገደብ አለው። የጣና ቢልጫዎች በአፍና በአካል ቅርጽ ከደርዘን በላይ ዝርያ ሆነው ሳለ ከአንድ ምንጭ የተለያዩት በቅርብ ዘመን ስለሆነ የማይቶኮንድሪያው ጽሑፋቸው ገና አልተራራቀም። እዚያ ትሬዋቫስን የመሰለ ቅርፊት ቆጣሪ ከማሽኑ ይበልጣል።

ለጨፋ የሚሆን ርካሽ መንገድ ግን አለ። በ2008 ፈረንሳይ ውስጥ የአሜሪካ ወራሪ እንቁራሪት ያለበት ኩሬ እንቁራሪቷ ሳትያዝ፣ ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ብቻ ታወቀ። እንስሳ ሁሉ ቅርፊቱን፣ ልጋጉን፣ እዳሪውን ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ በዚያ ውስጥ ዲኤንኤው አለ። ዛሬ ይህ በየአገሩ የተለመደ መቆጣጠሪያ ሆኗል። ከቦርከና ድልድይ ሥር፣ ከረግረጉ መሀልና ከመውጫው ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ውሃ ቀድቶ ማጣራት መረብ የመጣል ያህል እንኳ አይከብድም። ማጣሪያውን አዲስ አበባ ድረስ ቀዝቃዛ አድርጎ ማድረስና የማንበቢያውን ወጪ መሸፈን ነው የሚቀረው።

ከዚያም የሚቀድም አለ። ውሃ ተቀድቶ «ይህ የውጭ ነው» ለማለት የአገሬው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። አንድ የጫጩት ጭነት ወደ አንድ ወረዳ ከመሄዱ በፊት ከጥቂት ዓሦች ክንፍ ጫፍ ተቆርጦ፣ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ፣ ቀንና ቦታ ተጽፎበት ቢቀመጥ ወጪው ከጭነቱ ነዳጅ አይበልጥም። አልኮል ውስጥ የተቀመጠ ክንፍ ለዓመታት አይበላሽም፤ ዛሬ ገንዘብ ባይኖር የዛሬ 20 ዓመት ይነበባል። በ1970 ዓ.ም. ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ሲለቀቅ እንዲህ ያለ ብልቃጥ ይቀመጥ ማለት ለማንም አይታሰብም ነበር፤ ዘዴው ገና አልተፈጠረም። አሁን ተፈጥሯል፤ ከሠሩበት ቀደምቶች አንዱም የእኛው ሰው ነበር። ቦርከና ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ኩሬ ሁሉ እያጠበ ወደ ጨፋ ይወርዳል።